የአስናቀች ሰምና ወርቅ

ሰይጣን በሀገራችን ምንም ሳይለፋ ብዙ ንብረት አፍርቷል። የምንሰጠው እኛው ነን። ያልገባንን ነገር ሁሉ «የሰይጣን ነው» እያልን ስንመዘግብለት ኖረናል። ከሰጠነው ንብረት ሁለቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው ክራር ነው። «በገና የዳዊት፣ ክራር የሰይጣን» ሲባል ያልሰማ አለ? ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱ ግን በዐቢይ ጾም የሚደመጥ ጨዋ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ሌላው መጠጥ ቤት አምሽቶ የሚገባ ወጠጤ ተደርጎ ተቆጠረ። ሁለተኛው ንብረት ሲኒማ ነው። ፊልም የሚባለው ነገር ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ የተከፈተውን ቀደምት ሲኒማ ቤት ሰው ምን ብሎ ጠራው? «የሰይጣን ቤት»!

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ቆንጆ ሴት የሰይጣኑን ክራር ታቅፋ፣ ሰው ሁሉ በሚያያት መድረክ ላይ ቆማ፣ ያላገባችው ሰው ሚስት ሆና ብትተውን በማን ስም ልትመዘገብ ነው? ይህን ጥያቄ አስናቀች ወርቁ በዕድሜዋ ሙሉ ተሸክማዋለች።

አስናቀች የአዲስ አበባ፣ የስድስት ኪሎ ልጅ ናት። ወደ መድረክ የወጣችው በ1940ዎቹ ነው። ከዘመናዊው ቴአትራችን ቀደምት ሴት ተዋንያን አንዷ ስትሆን፣ ብዙዎች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት ይላሉ። ተዋናይት ነበረች፤ ዘፋኝ ነበረች፤ ተወዛዋዥ ነበረች፤ ክራር ደርዳሪ ነበረች። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለረጅም ዘመን ሠርታለች። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው።

«ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስለ ስድስት ኪሎ ልጅ መጻፍ ምን የሚሉት ነው?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ጎንደር ይደርሳል። እንዲያውም የተነሣው ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ግን ወደ መድረኩ እንመለስ። አስናቀችና ጓደኞቿ ከመምጣታቸው በፊት በቴአትር ውስጥ ሴት የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። ጎልማሳው ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ቀሚስ አጥልቆ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን እያሰለለ ሙሽራ ይሆናል፤ እናት ይሆናል፤ የተከዳች ሚስት ይሆናል። ተመልካቹም አብሮት ያለቅሳል። ማንም «ነውር ነው» ብሎ አዳራሹን ጥሎ አልወጣም። እንግዲህ ጉድ በሉ! ወንድ ሴት መስሎ ሲቆም ያልነበረው ነውር፣ ሴት ሴት ሆና ስትቆም ከየት እንደመጣ እንጃ።

በእርግጥ ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እንግሊዞች የሼክስፒርን ጁልየትና ዴዝዴሞና ለልጅ እግር ወንዶች ነበር የሚሰጡት። ሴት በሕዝብ መድረክ ላይ መተወን የጀመረችላቸው እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ነው። ሕንዶችም በ1913 የመጀመሪያውን ረጅም ፊልማቸውን ሲሠሩ ንግሥቲቱን ሆኖ የተወነው ወንድ ነበር። ዓለም ሁሉ በዚህ መንገድ አልፏል። ልዩነቱ ያለው ካለፉ በኋላ በተደረገው ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የአስናቀችን ስም ልብ ብላችሁታል? አስናቀች ማለት በልጣ ሌላውን አስናቀች፣ እርሷ ስትታይ ሌላው ከቁም ነገር እንዳይቆጠር አደረገች ማለት ነው። ወላጅ ለልጁ ሲያወጣው ምርቃት ነው። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ግን ማታ አስናቃ፣ ጠዋት ተንቃ ነበር የምትኖረው። ማታ በጭብጨባ መዳፉ የቀላ ሰው፣ ጠዋት ቡና ላይ «እሷ ደሞ ሴት ናት?» ይላል። ሰውየው ያው ነው፤ አፉም ያው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ጎንደር የአዝማሪ ሀገር ናት። በከተማዋ ዙሪያ አዝማሪዎች ተሰባስበው የኖሩባቸው መንደሮች አሉ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት ቋንቋም አላቸው። ባል ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ሚስት ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች፣ እንግዳውን እየዞረች ታሞግሳለች፣ አንዳንዱንም በስንኝ ትሸነቁጠዋለች። ከወገራ እስከ ጃናሞራ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለ ደገኛ ልጁን ሲድር አዝማሪ ካልመጣ ሠርጉ አይደምቅለትም። የሙሽራው አባት ሞቅ ሲለው ከኪሱ ብር አውጥቶ፣ በምራቁ አርጥቦ ግንባሯ ላይ ይለጥፋል። በማግስቱ ልጁ መጥቶ «አባየ፣ የዚችን ሴት ልጅ ላግባ» ቢለው ያ አባት ምን እንደሚመልስ ለጎንደሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

«አዝማሪ» የሙያ ስም ነው። አናጢ እንደማለት፣ ሐኪም እንደማለት ነው። እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ልጅ ሲያስቸግር፣ ሰው ሲለፈልፍ፣ ሚስት መልስ ስታበዛ የምንወረውራት ድንጋይ ሆነች። ሥራውን እየወደዱ ሠሪውን መስደብ ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ እኔ አልገባኝም። ጠጅ እየጠጡ ጠጅ ጣይዋን እንደመርገም ያለ ነው።

ከእኛ ይልቅ ፋሺስት ጣሊያን አዝማሪን አክብሮታል ብል አትቆጡኝ። ያከበረው በሽልማት አይደለም፤ በጥይት ነው። በወረራው ዘመን አዝማሪዎች ተለቅመው ተገድለዋል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘ ሰው ባልተናነሰ እንደሚያሰጋው ለጠላት ገብቶት ነበር። ያልገባን እኛ ነን።

ይኸው ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ድል ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሌላም ነገር ሠርቶልን ሄዷል። ፒያሳን ማለቴ ነው። ከፖስታ ቤቱ ጋር የሲኒማ አዳራሹም የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በሀገራችን ከተሞች ሲኒማ ቤቶች የአሜሪካ፣ የጣሊያንና የሕንድ ፊልሞች ይታዩ ነበር። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ በማያውቀው ቋንቋ ለምታለቅስ ቆንጆ አብሮ ያለቅሳል። የፊልሟ ሴት ስትስቅ ይስቃል፤ ባሏ ሲከዳት ይረግመዋል። ስትዘፍንለት ደግሞ ዜማዋን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ያችን ሴት «አዝማሪ» ያላት ግን የለም። እርሷማ «ኮከብ» ናት! ተመሳሳይ ሥራ በጨርቅ ላይ ሲታይ ኮከብ፣ በአጠገባችን ሲሠራ ውርደት ሆነ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ መሰለኝ።

ከእነዚያ ኮከቦች መካከል አንዷን እናንሣ። ናርጊስን። እ.ኤ.አ. በ1929 የተወለደች የሕንድ ተዋናይት ናት። እናቷ ጃዳንባይ ዘፋኝ ነበረች፤ ለሕንድ ፊልም ሙዚቃ ከደረሱ ቀደምት ሴቶችም አንዷ ናት። የመጣችው በየባላባቱ አዳራሽ እየዘፈኑና እየጨፈሩ ከሚኖሩ፣ ሕዝቡ በአንድ ዓይኑ እያደነቀ በሌላው ከሚንቃቸው ሴቶች ወገን ነው። እኛ ጋ ብትሆን ስሟን ታውቁታላችሁ። ልጇ ናርጊስ በሕፃንነቷ ፊልም ላይ ታየች፤ አድጋም ታላቅ ተዋናይት ሆነች። በ1957 በወጣው «ማዘር ኢንዲያ» ላይ ባሏ የተለያትን፣ ሞፈሩን በትከሻዋ የምትጎትት፣ አራጣ አበዳሪ የሚያስጨንቃትን የገጠር እናት ሆና ተወነች። ፊልሙ ለኦስካር ታጨ። በ1980 ደግሞ ናርጊስ በሀገሯ ፓርላማ በላይኛው ምክር ቤት አባልነት ተሰየመች። በዓመቱ ሞተች።

ሕንድ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። እዚያም ተዋናይት ትታማለች፤ ናርጊስም ታምታለች። ዳሩ ግን የዘፋኟ ልጅ በመላው ሀገር ፊት የእናት አርአያ ሆና ቆመች። ከሁሉም በላይ ሥራዋ ተርፏል። ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሃያ ዓመት ሲሞላው ናርጊስ ሞፈሩን እንዴት እንደጎተተችው አይቶ፣ «ጎበዝ ናት» ወይም «አጋንናዋለች» ብሎ መፍረድ ይችላል። ለአንድ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም፤ በሥራው መዳኘት።

አስናቀችንስ በምን እንዳኛት? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አስናቀች በወጣትነቷ ጫፍ ላይ በነበረችበት ጊዜ ሀገራችን ሲኒማ ቤት እንጂ ሲኒማ አልነበራትም። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቴሌቪዥንም የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። «ጉማ» እስኪመጣ 1966 ዓ.ም. ሆነ። በመካከሉ ቴአትር እንደ ትኩስ እንጀራ ነበር፤ በዕለቱ ተበልቶ ያልቃል። ደራሲው ጽሑፉን ይዞ ይቀራል፤ አዳራሹም ሕንፃው ይቀራል። ተዋናይቱ ግን ሥራዋ የተሠራው በገዛ አካሏ ነውና መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። አስናቀች ዓይኗን እንዴት ትሰብር እንደነበር፣ ስትቆጣ ድምጿን ከፍ ታደርግ ወይስ ዝቅ፣ መድረኩን በስንት እርምጃ ታቋርጥ እንደነበር ዛሬ ማን ይነግረናል? የነገሩንም የሚሉት አንድ ነው፦ «ቆንጆ ነበረች።»

ቆንጆ ነበረች! እርሱንማ ፎቶግራፏም ይናገራል።

አማርኛ ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር አስተምሮናል። ሰሙ ላይ ላዩን የሚታየው ነው፤ ወርቁ ውስጥ ያለው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ ከሄደ ያስቁበታል። በአስናቀች ላይ ያደረግነው እርሱኑ ነው። ሰሙ ቁንጅናዋ፣ አለባበሷ፣ ማን ወደዳት፣ ማንን ወደደች የሚለው ወሬ ነበር። ወርቁ ሥራዋ ነበር። ሰሙን ይዘን እቤታችን ገባን። የአባቷ ስም እንኳ «ወርቁ» እያለ ሲጠራን አልነቃንም።

ደግነቱ ወርቁ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ክራሯ አተረፈችው። ያ ለሰይጣን የሰጠነው ክራር! በአብዮቱ ሰሞን የተቀዱ ዘፈኖቿን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ውስጥ 16ኛው ሲዲ አድርጎ አወጣቸው። ሲዲውን ያላችሁ ሰዎች እንደ ዘፈን ሳይሆን እንደ ቴአትር አድርጋችሁ አድምጡት።

ክራሩ አይራቀቅም። ጣቶቿ ችሎታቸውን ለማሳየት አይሯሯጡም፤ ዜማውን አስቀምጠው ይጠብቋታል። ድምጿም ከፍ ብሎ የሚሰነጥቅ፣ አዳራሽ የሚያናውጥ ዓይነት አይደለም። ሻከር ያለ፣ ከመዝፈን ይልቅ ለመናገር የቀረበ ድምፅ ነው። አንዱን ስንኝ ለሚወዱት ሰው በጆሮው እንደሚነግሩት ዝግ አድርጋ ትለዋለች። ቀጥላ ያለችውን ደግሞ ለጎረቤት እንደሚያሙት ሽሙጥ ቀላቅላ ታወርዳለች። ልመናው በድንገት ስድብ ይመስላል፤ ስድቡ መልሶ ልመና ይሆናል። ዝም የምትልበት ቦታም አለ። ክራሩ ብቻውን ይሄዳል፤ አድማጩ «አሁን ምን ልትል ይሆን?» እያለ ይጠብቃል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ፊቷ ይታያችኋል።

ይህ የዘፋኝ ብቻ ሥራ አይደለም፤ የተዋናይ ሥራ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሁለት ሰው ይሆናል፤ የሚለምነውም የሚያሾፈውም እርሱ ነው። ድምፃቸው ከእርሷ የሚበልጥ ዘፋኞች ነበሩ፤ ከእርሷ የበለጠ ክራር የሚመቱም ነበሩ። ቃልን እንዲህ በገጸ ባሕርይ አልብሶ ማቅረብ ግን ሌላ ሙያ ነው። እርሱን ሙያ መድረክ ላይ ተምራ ወደ ክራሯ ይዛው መጣች። ወይም ከክራሯ ይዛው ወደ መድረክ ወጣች። የትኛው እንደቀደመ ባናውቅም አንዱ ሌላውን እንዳሠለጠነው ጆሮ ያለው ይሰማል። የተዋናይቱን ፊልም ብናጣም የተዋናይቱን ትንፋሽ አላጣንም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ራሄል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አቅርባለች። በወጣትነቷ ካሜራ ያጣችው ሴት በእርጅናዋ ካሜራ አገኘች ማለት ነው። ትልቅ ውለታ ነው። ዳሩ ግን በእርጅና የደረሰ ካሜራ የሚቀርፀው ትዝታን ነው፤ ሥራውን አይደለም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዲሉ፣ እኛም ካረፈች በኋላ «እንዲህ ነበረች፣ እንዲያ ነበረች» እያልን አንገቷን እያስረዘምን ነው። አንገቷ በሕይወት ሳለችም ረጅም ነበር። ቀና ብለን አላየንም እንጂ።

«ያ ድሮ ቀረ፤ ዛሬ እኮ ተዋናይት ትከበራለች፣ ማስታወቂያ ትሠራለች፣ ገንዘብ አላት» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የፊልሙ ኢንዱስትሪ አድጓል፤ ተዋናይት በየመንገዱ ፎቶ እንነሣ ትባላለች። ግን እስቲ አንዲት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምደባ በመጣ ዕለት እራት ላይ እንዲህ ትበል፦

«አባየ፣ ቴአትር ልማር ነው።»

«ቴ… ምን?»

«ቴአትር። ተዋናይት መሆን እፈልጋለሁ።»

«በስመ አብ! ምነው ልጄ፣ ምን አጎደልኩብሽ?»

አያችሁ? «ምን አጎደልኩብሽ» ነው መልሱ። ቴአትር መማር አንድ ነገር የጎደለባት ልጅ የምትሄድበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን። ያው አባት ማታ ማታ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር «ዝም በሉ፣ ልይበት!» ብሎ ቤተሰቡን ጸጥ የሚያሰኝ ነው። የሰው ልጅ ስትተውን ያያል፤ የእርሱ ልጅ ስትተውን ግን መታየት አይፈልግም። ገንዘቡ ተለውጧል፤ ልቡ እዚያው ነው።

ጎንደር በዚህ ነገር ላይ ምሳሌ መሆን የምትችል ከተማ ናት። ምክንያቱም የቆንጆ ሴትን መልክ ማቆየት ታውቅበት ነበር። እቴጌ ምንትዋብን አስቡ። ስማቸው ራሱ «ምንኛ ውብ ናት» ማለት ነው። ከቋራ መጥተው በ18ኛው መቶ ዘመን ሀገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በጣና ደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ሠዓሊው መልካቸውን ብቻ አልሳለም፤ ከሥራቸው ጋር፣ ከተከሉት ቤተ ክርስቲያን ጋር አስቀመጣቸው። ስለዚህም ምንትዋብ ሲባል ቁስቋምን ሳናነሣ፣ ናርጋን ሳናነሣ አናልፍም። ሰሙም ወርቁም አብሮ ደረሰን።

«እሳቸውማ ንግሥት ናቸው» አትበሉኝ። መልክን ከነሥራው ማቆየት በሥልጣን ብቻ የሚሆን ቢሆን፣ ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን ካሜራ ይዘን ስንዞር ለአንድ አዝማሪ ያደረግነው ይበልጥ ነበር። ቱሪስቱም የከተማው ሰውም አዝማሪ ቤት ገብቶ ስልኩን ያወጣል፤ ግማሽ ደቂቃ ይቀርፃል፤ ይሥቃል፤ ይወጣል። ስሟን የጠየቀ ስንት ነው? ከማን ተማርሽው፣ ይህን ዜማ እናትሽ እንዴት ነበር የምትለው ብሎ ቁጭ ያለስ? በደርግ ዘመን የጎንደርን ስም ያስጠራው የፋሲለደስ የኪነት ቡድን ሴቶች ዛሬ እናቶችና አያቶች ናቸው። እነርሱም መድረክ ላይ ወጥተው ተጨብጭቦላቸዋል፤ ከመድረክ ሲወርዱም ታምተዋል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። አሁን ሄዶ ማነጋገር፣ መቅዳት፣ ሥራቸውን ከስማቸው ጋር መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በኋላማ እንደ ልማዳችን «ቆንጆ ነበሩ» ብለን እንቀራለን።

ለዚህ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ያች ሴት በጠረጴዛችሁ ፊት ቆማ ስታሞግሳችሁ፣ ብሩን ግንባሯ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ስሟን ጠይቋት። በማግስቱም ስለ ሠርጉ ስታወሩ በስሟ ጥሯት። ብሩ ከግንባሯ ላይ መውደቁ አይቀርም። ስሟ ግን የሚጠራው ካገኘ ይቆያል።